ያልተዘጋው ገጽ

ዙልፋ ከደሴ የመጣችበት አውቶብስ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ እንደገባ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች፤ ወደ አባቷ ቤት ግን አልሄደችም። የባጃጅ ነጂዎቹ ሲጠሯት ዘወር ብላ አላየቻቸውም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ መንገዱን ተሻገረችና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ኢንተርኔት ቤት ገባች።

እዚያ የሚሠራው ኡበይድ በሩ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነበር። ቀና ሲል አያት። መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ሊቀበላት ሲነሳ ግን ፊቷን አየና በግማሽ ቀረ። ዓይኖቿ አብጠዋል። ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤ «ናፈቅከኝ» ስትለው የኖረችው ልጅ አሁን እንደማታውቀው ሰው ታየዋለች።

«ልታገባ ነው አሉ» አለችው ሰላምታም ሳትሰጠው።

«ማን አለ?»

«አንተ።»

ኡበይድ የሰማው ነገር አልገባውም። ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ነገሩ እንዳላማረ ገብቷቸው እየተነሱ ወጡ። ከላይ የሚዞረው ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ዙልፋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ነገረችው። ከሆስፒታል ልምምድ ወጥታ ደሴ ካለ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ኢሜይሏን ስትከፍት ስሙን አይታ ደስ ብሏት ነበር። ደብዳቤው ጥቂት መስመር ነበር። ደግማ ደጋግማ ስላነበበችው በቃሏ ይዛዋለች።

«ኡበይድ ነኝ። ከእንግዲህ ደብዳቤ አትጻፊልኝ። ቤተሰብ ያጨልኝን ልጅ ላገባ ነው። አንቺም ትምህርትሽን ያዢ፣ የአባትሽን ቃል ስሚ።»

አንብባ ስትጨርስ ወደኋላ የሚመልሰውን ቀስት ተጫነች። ገጹ ተመለሰ። እንደገና ከፈተችው፤ ያው ነበር። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ የሌላ ሰው ደብዳቤ አምጥቶባት እንደሆነ ብላ ዘግታ ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁንም ያው።

«ልደውልልህ ጀምሬ ተውኩት» አለች። «በስልክ ብትዋሸኝ አላውቅብህም። ፊትህን እያየሁ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት። በል ንገረኝ።»

«ዙልፋ፣ እኔ አልጻፍኩም።»

«ከአንተ አድራሻ ነው የመጣው።»

«አልጻፍኩም አልኩሽ።»

ዙልፋ ያን ጊዜ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ማመን ፈልጋ ነበር፤ መፈለጓም ራሷን አናደዳት።

ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ መተያየት የጀመሩት ግን በ2001 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዙልፋ የሀጂ አብዱልወሃብ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሀጂ ከቀወት ቆላ ማሾና ሽንኩርት እየሰበሰቡ በራሳቸው መኪና አዲስ አበባ የሚያስጭኑ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ስማቸው በአክብሮት የሚነሳ ነጋዴ ናቸው። የኡበይድ አባት ይማም ደግሞ እስኪሞት ድረስ በእኚሁ ሀጂ መጋዘን ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። የተሸካሚ ልጅ የጌታውን ልጅ ማጨት ቀርቶ በስሟ መጥራት እንደማይገባው ለኡበይድ የነገረው ሰው የለም። ሳይነገረው ያውቀው ነበር።

በዚያ ክረምት ዙልፋ ደሴ ሄዳ የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ስትዘጋጅ፣ ኢንተርኔት መጠቀም ልማር ብላ መጣች። ማውስ ነክታ አታውቅም ነበር። ኡበይድ አድራሻ የሚጻፍበትን ከላይ ያለውን ሳጥን አሳያት። ወደኋላ የሚመልሰውንና ወደፊት የሚወስደውን ቀስት አሳያት። አንዱን ገጽ ሳይዘጉ ከጎኑ ሌላ ገጽ መክፈት እንደሚቻል ሲነግራት ግን አላመነችውም። ሁለተኛውን ስከፍት የመጀመሪያው አይጠፋብኝም ወይ ብላ ጠየቀችው።

«አይጠፋም» አላት። «ትተሽው የሄድሽው እዚያው ይጠብቅሻል።»

ስለ ኮምፒውተሩ ነበር የተናገረው። ነገር ግን ዙልፋ ዘወር ብላ አየችው፤ እሱም ያለው ነገር ለራሱ ጆሮ ሌላ ሆኖ ተሰማውና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀን በኋላ የምትማረው ነገር ባይኖርም መምጣቷን አልተወችም። ደሴ ስትገባ ደግሞ ደብዳቤው ተጀመረ። እንደዚያ ጊዜ ወጣት ሁሉ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉት ነበር። እሱ ስለ ሮቢት ሙቀት፣ ስለ ሰው ወሬ ይጽፍላታል። እሷ ለማንም የማትነግረውን ሁሉ ትጽፍለታለች።

አሁን ኡበይድ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ኢሜይሉን ከፈተ። የላካቸው ደብዳቤዎች ከሚቀመጡበት ቦታ ሲገባ ከሁሉም በላይ የማያውቀው ደብዳቤ ተቀምጧል። በስሙ የተላከ፣ ለእሷ የተጻፈ። በአማርኛ ፊደል።

«በአማርኛ ፊደል መሆኑን ሳይ» አለች ዙልፋ ከኋላው፣ «የምሩን ቢሆን ነው እንጂ እንዲህ ተጠንቅቆ አይጽፍም አልኩ።»

ኡበይድ ደብዳቤው የተላከበትን ቀንና ሰዓት አየ። ረፋድ ላይ ነው። በዚያ ረፋድ የፕሪንተር ቀለም ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ብራውዘሩ የተከፈቱትን ገጾች ሁሉ በየሰዓታቸው የሚያስቀምጥበት ሂስትሪ የሚባል ቦታ አለው፤ ገብቶ ያን ቀን ፈለገ። አገኘው። ኢሜይሉ ከመከፈቱ በፊት የተከፈተው ገጽ የመካ ፎቶዎች ያሉበት ነው። ሐጃጆች ካዕባን ሲዞሩ የሚያሳይ ፎቶ።

ያን ገጽ በዚያ ቤት የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኡበይድ ራሱ ነው ያሳየው፤ ሁልጊዜ ፍለጋ እንዳይደክም ከአድራሻው ጎን ባለችው የኮከብ ምልክት ያስቀመጠለትም እሱ ነው። እጁ ከማውሱ ላይ ወረደ።

«አወቅከው አይደል?» አለች።

ኡበይድ ሂስትሪውን ዘግቶ ወደ ደብዳቤው ተመለሰ።

«ኡበይድ። ማነው?»

«አባትሽ ናቸው።»

ዙልፋ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። አባቷ ኢንተርኔት ቤትን የሥራ ፈት መዋያ እያሉ የሚያሙ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በር እንኳን ሊገቡ በፊቱ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ትዋሻለህ ልትለው ነበር። የኡበይድን ፊት አይታ ተወችው፤ እሱም እንደ እሷ ደርቆ ቀርቷል።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ሀጂ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነገራችን ታወቀ ብሎ ደንግጦ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ተቀመጡና፣ ልጄ ደሴ ነች፣ ሳታስበው ደብዳቤ ልጻፍላት ብያለሁ፣ አስተምረኝ፣ ለማንም አታውራ አሉት። በየረፋዱ ይመጡ ጀመር። በስማቸው ኢሜይል ከፈተላቸው፤ ለዓይናቸው እንዲመች ፊደሉን ማጉላት አስተማራቸው። የአማርኛ መጻፊያውን ፊደል በፊደል አስለመዳቸው። ሲሳሳቱ እንደ ሕፃን ይስቃሉ። አንዴ የመካን ፎቶ ሲያሳያቸው እንባቸው መጣ። ኡበይድ አባቱ ከሞተ ወዲህ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያወራው ሽማግሌ አልነበረውም። ያቺ ደብዳቤ ሊጽፉላት የሚማሩላት ልጅ ለእኔም ትጽፍልኛለች ብሎ ሊነግራቸው ስንት ጊዜ አስቦ ተወው። ለእሷም እንዳይነግር ቃል ገብቷል።

በዚያ ረፋድ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ተይዘው ስለነበር በራሱ ወንበር አስቀመጣቸው። የራሱን ኢሜይል ገጽ በጥግ ያለችውን ምልክት ተጭኖ ዘግቶት ነበር። ገጹ ቢጠፋም ከኢሜይሉ ግን አልወጣም ነበር። ሀጂ የራሳቸውን ሊከፍቱ እንዳስተማራቸው የኢሜይሉን ድረ ገጽ አድራሻ የመጀመሪያ ፊደሎች ሲጽፉ ብራውዘሩ የቀረውን ራሱ ሞልቶ የኡበይድን ኢሜይል ከፈተላቸው። የእንግሊዝኛ ፊደል በመኪና ሰሌዳና በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የለመዱ ሰው ናቸው፤ የልጃቸውን ስም ለማንበብ አልተቸገሩም።

ኡበይድ ቀለሙን ገዝቶ ሲመለስ ሀጂ ላብ አጥምቋቸው አገኛቸው፤ ተነሥተው ሳይሰናበቱት ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ታመው እንደሆነ ብሎ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ዘበኛው ከበር መልሶታል።

ዙልፋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ለእኔ ሊጽፍልኝ ነው የተማረው?» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲያው በሕይወቴ ከአባቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ደብዳቤ ይኼ ነው።»

አላለቀሰችም። ኡበይድ ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ሀጂ አብዱልወሃብ ልጃቸው ከአውቶብስ ስትወርድ ያያት ባጃጅ ነጂ ነግሯቸው ነበር የመጡት። ሲገቡ ተቆጥተው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያ ደብዳቤ ተከፍቶ፣ ልጃቸው ፊቱ ተቀምጣ ሲያዩ ቁጣው ከፊታቸው ተገፈፈ። በሩን ተደግፈው ቆሙ። ኡበይድ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም።

«አባ» አለች ዙልፋ ሳትነሣ። «አንተ ነህ?»

ሀጂ መካድ ይችሉ ነበር። ኡበይድን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዙልፋ ኡበይድ ሲነግራት አምናው ነበር፤ ከራሳቸው ስታገኘው ግን እንደ አዲስ ክው አለች።

ሀጂ መናገር ሲጀምሩ ድምፃቸው የነጋዴ ድምፅ አልነበረም። «ስልክ ስትደውዪ ደህና ነኝ አባ ትይኛለሽ፤ ትዘጊያለሽ። እኔም ደህና ነች እላለሁ። ለሱ ግን ሁሉን ጽፈሽለታል። መርፌ ስትይዢ እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ እንደሚልሽ። መጀመሪያ ቀን የሰው ቁስል አይተሽ ራስሽን ስተሽ እንደወደቅሽ። ልጄ ራሷን ስታ መውደቋን ከሰው ደብዳቤ አነበብኩ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። እጄ ነው የጻፈው።»

«ቢጠይቁኝ ኖሮ አልዋሽዎትም ነበር፤ ለምን በስሜ?» አላቸው ኡበይድ።

«አንተስ?» አሉት ሀጂ። «የማን አባት እንደሆንኩ እያወቅህ ጣቴን ይዘህ አስተማርከኝ። ልጅ አለችኝ ስልህ አንገትህን ደፋህ። የይማም ልጅ መሆንህን ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ፤ ይማም ምን ዓይነት ልጅ አሳደገ እያልኩ ነበር ከዚህ ቤት የምወጣው። ያን ዕለት ግን ያ ሁሉ ጠፋብኝ። የታየኝ የተሸካሚ ልጅ ብቻ ነው።»

«ተሸካሚ» የምትለው ቃል ከአፋቸው ስትወጣ ራሳቸውንም አስደነገጠቻቸው። ኡበይድ እንደተመታ ሰው ወደኋላ አንድ እርምጃ አለ። ዙልፋ ተነሣችና ቦርሳዋን ያዘች።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቷ።

«ወደ ደሴ።»

«ቤት ሳትገቢ?»

«የትኛው አባቴ ቤት ልግባ?» አለች። «በሰው ስም የሚጽፍልኝ አባት ቤት? የምትለኝ ካለ በራስህ ስም ጻፍልኝ። እምቢ ብትል እንኳ በራስህ ስም እምቢ በለኝ።»

በገበያ መሃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚከራከሩት፣ ዳኝነት የሚቀመጡት ሰው ልጃቸው ፊት ቆመው አንድ ቃል አጡ። እየፈለጉ መሆኑ ግን ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ዙልፋን በሩ ላይ ያስቆማትም እሱ ነው። በመጨረሻ ወደ ኡበይድ ዞሩ።

«ያኔ የከፈትክልኝ አድራሻ አሁንም አለ?»

ኡበይድ ጥግ ካለው ኮምፒውተር አስቀመጣቸውና በራሳቸው ስም የተከፈተውን፣ አንድም ደብዳቤ ተልኮበት የማያውቀውን ኢሜይል ከፈተላቸው። ፊደሉን አጎላላቸው። የዙልፋን አድራሻ ጻፈላቸው። ከዚያ ማየት እንደማይገባው ገብቶት በረንዳው ላይ ወጣ።

ዙልፋ ከአባቷ ጀርባ፣ በሌላው ግድግዳ በኩል ካለው ኮምፒውተር ተቀመጠች። ሁለቱ በአንድ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው የኪቦርዱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ ፊደል። ዝምታ። ሌላ ፊደል። ሀጂ አንዳንዴ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ዙልፋ ኢሜይሏን ከፍታ ገጹን የሚያድሰውን ምልክት ትጫናለች። ባዶ ነው። ትጫናለች። ባዶ ነው። በመሃል ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ኮኔክሽን ሄደ» አለች።

«ጠፋ?» አሉ ሀጂ ሳይዞሩ። «የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ?»

በድምፃቸው ውስጥ የነበረው ፍርሃት ዙልፋን ልቧን ነካት። ከመጣች ጊዜ ጀምሮ ቀዝቅዞ የነበረው ነገር ያን ጊዜ ትንሽ ተነቃነቀ። አይጠፋም፣ ምንም አትንካ፣ ጠብቅ አለቻቸው። ጠበቁ። ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ጠበቁ። ኮኔክሽኑ ሲመለስ ሀጂ ላኩት፤ ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አቀረቀሩ።

ዙልፋ ከፈተችው።

«ለልጄ ለዙልፋ። አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ አባትሽ አብዱልወሃብ ነኝ። ያ ደብዳቤ የኔ ነበር። አፉ በይኝ። ራስሽን ስተሽ ስትወድቂ ማን አነሣሽ? እሱን አልጻፍሽም። ሳስበው ነው የምውለው። ልጁን በቃሌ አቁስዬዋለሁ፤ እሱንም አፉ በለኝ እለዋለሁ። ሽማግሌ ይላክ። እሺ እላለሁ ብዬ ቃል አልሰጥም። ግን ተቀምጬ እሰማለሁ።»

ዙልፋ እንባዋ የመጣው «ማን አነሣሽ» የሚለው ላይ ነው። መልስ ልትጽፍ ኪቦርዱን ነካችና ተወችው። ወንበሯን አዞረች።

«ወይንሸት የምትባል ልጅ ነች ያነሣችኝ፣ አባ» አለች። «አብራኝ ነው የምትማረው። ውሃ ረጨችብኝ። ዶክተሩ ሳቀብኝ።»

ሀጂም ዞሩ። መነጽራቸው ረጥቧል። «ለምን ሳቀ?» አሉ፣ እንደተቆጣ ሰው።

ነገረቻቸው። ኡበይድ በረንዳው ላይ ቆሞ ሁለቱ ሲያወሩ ይሰማ ነበር። የሚወራውን ሁሉ ከደብዳቤ ያውቀዋል፤ እንዲህ ለአባቷ ስትነግራቸው ግን ሌላ ታሪክ ሆኖ ተሰማው። ደብዳቤው ስለ እሱ ምን እንዳለ አያውቅም። ለመጠየቅም አልደፈረም። ሀጂ ሲወጡ አጠገቡ ቆሙና ትከሻውን ያዙት።

«አፉ በለኝ» አሉት። ያቺን ቃል አልደገሟትም። ሁለቱም የትኛዋ እንደሆነች ያውቃሉ።

«አፉ ብያለሁ» አላቸው፤ እውነት እንድትሆን ግን ጊዜ እንደሚፈልግ ለራሱ ታወቀው።

ሀጂ ልጃቸውን ቤት እንደሚጠብቋት ነግረው በፀሐዩ ውስጥ ሄዱ። ዙልፋ ኡበይድን ጠራችውና ከስክሪኑ ፊት አስቀመጠችው። አነበበ። ሽማግሌ ይላክ ከምትለው ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና አነበባት። ዙልፋ እስኪያያት ብትጠብቅም ዓይኑን ከዚያች መስመር ሊያነሣ አልቻለም።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

«ፈራሁ» አላት።

ትስቃለች ብሎ ነበር። ዙልፋ ግን አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤ ሲዋደዱ ነገሩ አንድ ቀን ይሆናል ብለው ከልባቸው አምነው አያውቁም ነበር። የሚከለክል ሰው ስለነበር መፍራት አላስፈለጋቸውም። አሁን የሚከለክለው ሰው ተቀምጬ እሰማለሁ ብሎ ሄዷል።

«እኔም» አለችው፤ እጇም ሳታስበው እጁ ላይ አረፈ። ሁለቱም ያን እጅ አዩት፤ እሷ ግን አላነሣችውም።